ዲፕ ፍሪዘርን ለትንሽ ቤተ ሙከራ የ4 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ማድረግ

ከላይ የሚከፈት ዲፕ ፍሪዘር ለአጋር ሳህን (ረቂቅ ሕዋሳት ለሚያድጉበት)፣ ለእርሾ ናሙናና ለሪኤጀንት (ለሙከራ ኬሚካል) ከቆመ ፍሪጅ ይሻላል። ክዳኑ ሲነሳ ቀዝቃዛው አየር ታች ይቀራል፤ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነም መብራት ሲጠፋ ቶሎ አይሞቅም። የራሱን ቴርሞስታት ፈታችሁ አትነካኩ። ወደ መጨረሻው ቅዝቃዜ አዙራችሁ ተዉት፤ ማብራትና ማጥፋቱን ኤስቲሲ-1000 የሚባለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ከውጭ ይሥራው። የምትገዙት ባለ 220 ቮልት መሆኑን ተለጣፊው ላይ አንብቡ፤ ባለ 12ም አለ።

ሌላው የሚያስፈልገው የፕላስቲክ ሳጥን፣ አንድ ሶኬት፣ አርዝ ያለው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው። በመቆጣጠሪያው ላይ ባሉት የሽቦ ማሰሪያ ቁጥሮች፦ ፌዝ ወደ 1፣ ኒውትራል ወደ 2፣ ሴንሰር (ሙቀት ለኪው) ወደ 3ና 4። ከ1 ወደ 7 አጭር ሽቦ ሳቡ፤ ከ8 ወደ ሶኬቱ ፌዝ። ኒውትራልና አርዝ በቀጥታ ሶኬቱ ላይ ይገባሉ፤ 5ና 6 የማሞቂያ ስለሆኑ ባዶ ይቅሩ። ከ1 ወደ 7 የምትሄደዋን ሽቦ የረሳ ሰው መብራቱ በርቶ ፍሪዘሩ ዝም ይልበታል፤ ሪሌዩ (በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ) ኃይል አይሰጥም፣ መንገድ ብቻ ነው የሚከፍተው። የሚችለውም 10 አምፔር ነው። ኮምፕረሰር ሲነሳ ብዙ እጥፍ ይስባል፤ ለትልቅ ፍሪዘር ኮንታክተር (ከባድ ጭነት የሚችል ማብሪያ ማጥፊያ) ጨምሩ፣ አለዚያ የሪሌዩ ጫፎች ተጣብቀው ናሙናችሁ ሁሉ በረዶ ሆኖ ያድራል።

ግድግዳውን በምንም ምክንያት አትብሱ፤ የጋዙ ቱቦ እዚያ ውስጥ ነው። የሴንሰሩ ሽቦ በክዳኑ ጎማ ስር ይለፍ።

በመቆጣጠሪያው ላይ ኤፍ1ን (የሚፈለገውን ሙቀት) 4፣ ኤፍ2ን (ልዩነቱን) 1፣ ኤፍ3ን (ኮምፕረሰሩ ዳግም ከመነሳቱ በፊት የሚቆይበትን) 5 ደቂቃ አድርጉ፤ በ5 ዲግሪ ይነሳል፣ በ4 ይቆማል። ኤፍ3ን ዝቅ አታድርጉት፦ መብራት ጠፋ መጣ ሲል ኮምፕረሰሩን ከመቃጠል የሚያድነው እሱ ነው። ሴንሰሩን በተፈጨ በረዶና ውሃ ድብልቅ ከትታችሁ ዜሮ ካላነበበ ልዩነቱን በኤፍ4 አስተካክሉ። በፈላ ውሃ አትሞክሩት፤ ደሴ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል።

ዋናው ጣጣ የሴንሰሩ ቦታ ነው። አየር ላይ ከተንጠለጠለ ኮምፕረሰሩ በየጊዜው ይነሳል ይወድቃል፤ ግድግዳ ከነካ ገና ሳይቀዘቅዝ ይቆማል። 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ መሃል ላይ አስቀምጡት። ጠርሙሱ ትልቅ ከሆነ ዘግይቶ ያነብና ታች ያለው ይበርዳል። ኮምፕረሰሩ ከቆመ በኋላም ግድግዳው ማቀዝቀዙን ስለማይተው፣ በሌላ ቴርሞሜትር አንድ ቀን ታችና ላይ ለኩ፤ ታች ከ2 ዲግሪ ከወረደ ኤፍ1ን 5 አድርጉ፣ አሮጌ የኮምፒውተር ፋንም አስገቡ።

በረዶ ስለማይሠራ ውሃው ወለሉ ላይ ይጠራቀማል። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ስለሚበረታ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ይብሳል፤ በየሳምንቱ በጨርቅ አድርቁት፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል አስቀምጡ፣ ሳህኖቹንም ጠቅልላችሁ ገልብጧቸው፣ አለዚያ ሻጋታ ይወርሳቸዋል። ዙሪያውን 15 ሳንቲ ሜትር ክፍት ተዉለት። ደሴ ላይ ደግሞ በኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ኮምፕረሰሩ ለሰዓታት ባይነሳ ተበላሸ አትበሉ።

አሴቶንና ኤተር እዚህ ውስጥ አይገቡም፤ ትነታቸው በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል። ምሳ ዕቃም እንዲሁ።