ጼፔሊናይ ድስት ውስጥ ለምን ይፈርሳል? በሊትዌኒያ ማዕድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጼፔሊናይ ስሙን ያገኘው ዜፔሊን ከሚባለው አየር መርከብ ነው፤ ቅርጹም እንደዚያው ሞላላ ነው። የተፈቀፈቀ ድንች በሥጋ ወይም በአይብ ተሞልቶ ይቀቀላል። ለጀማሪ ግን ክዳኑ ሲከፈት ድስቱ ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ ግራጫ ሾርባ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ገና ውሃው ሳይጣድ ነው።

አዲስ ድንች መጠቀም። ልጡ ስስ የሆነ አዲስ ድንች ውሃው ብዙ፣ ስታርቹ ትንሽ ነው። የሰነበተ፣ ሲቀቀል የሚፈረካከስ ይምረጡ። ለ8 ወይም ለ10 ፍሬ 2 ኪሎ ጥሬና 400 ግራም ያህል ተቀቅሎ የተፈጨ ድንች ይበቃል። የተቀቀለው ከቀረ ሊጡ እንደ ጎማ ይደርቃል፤ ከበዛ ደግሞ ይልፈሰፈሳል።

ውሃውን ከነስታርቹ መድፋት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ጥሬውን ድንች በመፈቅፈቂያው ደቃቅ ጎን ይፈቅፍቁት፤ አየር ሲነካው ስለሚጠቁር ወዲያው 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ያድርጉበት። ከዚያ በስስ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ጠብታው እስኪቆም ድረስ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ይጭመቁት። በእጅ ሲፈረፈር ደረቅ መሆን አለበት። የወጣውን ውሃ 10 ደቂቃ ሳይነኩ ያስቀምጡ። ቡናማውን ውሃ ቀስ ብለው ሲያፈሱ ከሥር ነጭ፣ ጥብቅ ያለ ነገር ተጣብቆ ያገኛሉ። ስታርቹ እሱ ነው፤ ፍቀው ወደ ድንቹ ይመልሱት። ጨው በመጨረሻ ይጨመር፤ ቀድሞ ከገባ ድንቹን ውሃ ያስተፋዋል።

ውሃውን ማንተክተክ። ሰፊ ድስት ውስጥ ጨው ያለበት 5 ሊትር ውሃ ያፍሉ። በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ 2 የሾርባ ማንኪያ የድንች ስታርች ይጨምሩ፤ ላያቸው እንዳይቦጨቅ ይረዳል። እሳቱን ቀንሰው፣ ሳይደራርቡ፣ በዝግታ 30 ደቂቃ ያብስሏቸው። ሁሉንም ከመክተትዎ በፊት ከሊጡ ትንሽ ድብልብል ሠርተው ይሞክሩ፤ ከፈረሰች ሊጡ ላይ ስታርች ይጨምሩ።

የአሳማ ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ምግቡን በጅምላ ይተዉታል፤ ያሳዝናል። ምግብ ቤት ውስጥ «ሱ ቫርሽኬ» (ከአይብ ጋር) ብለው ካዘዙ መሙያው አይብ መሰል ነው። ከላይ የሚፈሰው ማባያ ግን ብዙውን ጊዜ የአሳማ ስብ ጥብስ ስለሆነ «ቤ ስፒርጉቹ» (ያለ ስብ ጥብስ) ማለትን አይርሱ፤ ኮምጣጣው ክሬም ይበቃል። ቤት ውስጥ በአይብ ሲሞሉ አይቡን በደንብ ያጥልሉት፤ እርጥብ አይብ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። የተረፈው በማግስቱ ተቆርጦ መጥበሻ ላይ ሲጠበስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከትናንቱ ይጣፍጣል።

ሻልቲባርሽቻይ፣ ያ ደማቅ ሮዝ የበጋ ሾርባ፣ የሚበላሸው በችኮላ ነው። ቀይ ሥሩን ከነልጡ ይቀቅሉ፤ ተልጦ ከተቀቀለ ቀለሙ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ትኩሱን ቀይ ሥር ከፊር (እርጎ መሰል ኮምጣጣ የወተት መጠጥ) ላይ መጨመር ከፊሩን ይቋጥረዋል፤ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። ለ1 ሊትር ከፊር 2 መካከለኛ ቀይ ሥር፣ 2 ኪያር፣ 2 የተቀቀለ እንቁላል፣ አረንጓዴ የሽንኩርት ቅጠልና ብዙ ዲል (እንስላል መሰል ቅጠል) ይበቃሉ። አብሮት የሚበላው ትኩስ ድንች ለብቻው በሳህን ይቀርባል እንጂ ሾርባው ውስጥ አይገባም።

የተጠበሰ ጥቁር ዳቦ፣ ማለትም የቢራው አጃቢ፣ ላይ ነጭ ሽንኩርት የሚታሸው ዳቦው ከዘይት ከወጣ በኋላ ነው። አብሮ ከተጠበሰ ያርርና ይመርራል።

ታኅሣሥ 24 በፈረንጆች አቆጣጠር የሚቀርበው ኩችዮስ የሚባለው የገና ዋዜማ እራት ላይ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለም፤ ዓሣ ግን አለ። 12 ዓይነት ምግብ ይደረደራል። «የፓፒ ወተት» (ፓፒ ኦፒየም የሚወጣበት ተክል ነው) የሚባለው መጠጥም ስሙ እንጂ ወተት የለበትም፤ የፈላ ውሃ ፈሶበት ያደረ የፓፒ ዘር ነጭ ፈሳሽ እስኪወጣው ተፈጭቶ፣ በውሃና በማር ይበጠበጣል። በደንብ ካልተፈጨ ግራጫ ውሃ ብቻ ይሆናል። አብረውት የሚበሉት ኩቹካይ የሚባሉት ትናንሽ ብስኩቶችም ብዙ ጊዜ የፓፒ ዘር አለባቸው። ስለዚህ ከቪልኒውስ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ሪያድ የሚበር ሰው ሻንጣው ውስጥ አይክተታቸው፤ ዘሩ እዚያ የተከለከለ ነው።