የሼክስፒርን የፍቅር ኮሜዲ ወደ ቃኘው ዘመን ማምጣት

ዘመን ስትመርጡ ከልብስ አትጀምሩ። መጀመሪያ ታሪኩ ያለ ምን መቆም እንደማይችል ጠይቁ። «በከንቱ ብዙ ጫጫታ» የተባለው የሼክስፒር ተውኔት ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ከጦርነት በድል የተመለሱ ወጣት ወታደሮች፣ በሩን ከፍቶ የሚቀበላቸው ባለጸጋ ቤት፣ በአንድ ሐሜት የሚፈርስ ሠርግ። እኔ 1945 ዓ.ም. አዲስ አበባን መረጥኩ። በኮሪያ ጦርነት የተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ፣ ወታደሮች ከኮሪያ የሚመለሱበት ጊዜ ነው።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ትዕይንት ፈትሹ። የጭንብል ጭፈራው ለእኛ ግቢ እንግዳ ነው። በምሽቱ ብርድ ጋቢና ነጠላ ተከናንበው ይጨፍሩ፤ ፊታቸው በደንብ ይሸፈናል። ከወታደሮቹ አንዱ የሆነው ቤኔዲክ የጓደኞቹን ወሬ ተደብቆ የሚያዳምጠው ከተሰጣ ልብስ ጀርባ ይሁን። ተመልካቹ ግን እግሩን ማየት አለበት፤ ሳቁ ያለው እዚያ ነው። የሌሊት ጠባቂዎቹ የሰፈር ዘበኞች ይሁኑ፤ ካፖርትና ዱላ ይበቃቸዋል።

ብዙ ልምምድ የሚፈልገው የቤተ ክርስቲያኑ ትዕይንት ነው። ሙሽራው ክላውዲዮ ሐሜቱን አምኖ ሙሽራዋን ሄሮን በሰው ፊት ካዋረዳት በኋላ፣ የሄሮ የአጎት ልጅ ቢያትሪስ ቤኔዲክን ክላውዲዮን እንዲገድልላት ትጠይቀዋለች። እዚህ ጋ ተመልካች መሳቅ ይቀናዋል። ተዋናይዋ ቃሉን በጥድፊያ አትወርውረው። ትቁም፣ ትየው፣ ከዚያ ትናገር። የሴት ልጅ ስም አንዴ ከጎደፈ በማይመለስበት ዘመን ቁጣዋ እውነት ይሆናል። ዘመኑን የመረጥኩት በዋናነት ለዚህች ደቂቃ ነው።

የገጸ ባሕርያቱን ስም ወደ አማርኛ ቀይሩ። ሙዚቃው ከሸክላ ይምጣ። ኮሪያ መጀመሪያ ላይ አንዴ ከተጠራች በቂ ነው።