የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ስትሰጡ የምትሳሳቷቸው ነገሮች፦ ከአዳማ

ግንቦት ሲጋመስ አዳማ ውስጥ የጎርፍ ስብሰባ ይበዛል። አዳዲስ በጎ ፈቃደኞች ማስታወሻ ደብተር ይዘው ይመጣሉ፤ ትጋታቸው ደስ ይላል። ነሐሴ ላይ እነዚያው ልጆች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው «አስጠንቅቀን ነበር እኮ!» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ አስጠንቅቀዋል። ግን ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ከቤቱ ለመውጣት ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ማን ነው? መልእክቱ ከደረሰው በኋላስ ስንት ደቂቃ ነበረው? ይህን አስቀድሞ የጠየቀ የለም። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከዚሁ ነው።

ሁለት ጎርፍ እንዳለ መርሳት

አዳማ ዙሪያዋን በሸንተረር የተከበበች ከተማ ናት። ደራሽ ጎርፉ ከተዳፋቱ ተነሥቶ በቦረቦሩ እየተንደረደረ፣ አፈሩን ጠርጎ ይዞ መሃል ከተማ ይገባል። የነፋስ ተርባይኖቹ የቆሙበት ሸንተረር ላይ ሲዘንብ ገበያው ውስጥ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ጎርፍ ያላችሁ ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው፤ ዕድለኛ ከሆናችሁ አንድ ሁለት ሰዓት።

የወንጂው ሌላ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ፣ የበቾን ሜዳ አቋርጦ ቆቃ ይገባል፤ ወንጂ ደግሞ ከቆቃ ግድብ በታች ናት። እዚያ ያለውን ገበሬና የሸንኮራ ሠራተኛ የሚያሰጋው ላይኛው ሸዋ ላይ የዘነበው ዝናብና የግድቡ በር ነው። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ይይዝ የነበረውን ያህል ውሃ ዛሬ አይዝም፤ ደለል ብዙውን ቦታ ወስዶበታል። ስለዚህ የአዳማ ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ውሃ ሊለቀቅ ይችላል። ጥሩ ጎኑ፣ ይህ ጎርፍ ቀናት አስቀድሞ ይታያል።

አንዱን መልእክት ለሁለቱም ስትልኩ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። የቦረቦር ዳር ነዋሪዎችን ሰብስበው የ7 ቀን የወንዝ ትንበያ ግራፍ የሚያሳዩ ልጆች አሉ። ግራፉ ስለ አዋሽ ነው፤ ከቤታቸው ጀርባ ስላለው ቦረቦር ምንም አይልም። ወንጂ አጠገብ ላሉት ደግሞ «ዳመና ሲጠቁር ከብቶቻችሁን አውጡ» ይሏቸዋል። ዳመናው ሳይጠቁር ውሃው ደርሶ ቢያገኛቸው ማን ሊጠየቅ ነው?

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ የደረሰውን የማያስታውስ የለም። የደቻቱ ወንዝ የሞላው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ በወረደ ውሃ ነው፤ የመጣውም ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ነው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። አዳማም ውስጥ ስትሠሩ መጀመሪያ «ውሃው የሚነሣው ከየት ነው? በሌሊት ቢመጣ ማን ያየዋል?» በሉ።

ሰዓትና ቀን

ቀላል ይመስላል። አንድ ክረምት ከውጭ የትንበያ ገጽ ላይ የተወሰደ መልእክት በስልክ ተሠራጨ፦ «ዛሬ ከ3፡00 እስከ 6፡00 ከባድ ዝናብ ይጠበቃል።» መልእክቱ የደረሰው ማለዳ ነው። ሰዉ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ዕቃውን ሰቅሎ፣ ልጆቹን ይዞ ጠበቀ። ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። «ውሸታቸውን ነው» ተብሎ ዕቃው ወረደ፣ እናቶች ጉሊታቸውን ዘረጉ። ዝናቡ የመጣው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ልክ 3፡00 ላይ። ትንበያው አልተሳሳተም።

ስለዚህ «ከቀኑ 9 ሰዓት»፣ «ከምሽቱ 2 ሰዓት»፣ «ከሌሊቱ 7 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ፤ ባዶ ቁጥር አትላኩ። ከዓለም አቀፍ የትንበያ ሥርዓት የምትወስዱት ሰዓት በግሪንዊች የተቆጠረ ከሆነ መጀመሪያ 3 ሰዓት ጨምሩበት፣ ከዚያ ወደኛ አቆጣጠር መልሱት። ቀኑም የነሐሴ ቀን እንጂ የኦገስት ቀን አይሁን።

«ከመደበኛ በላይ» ማለት ጎርፍ ነው ብሎ ማሰብ

የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምት ትንበያ ዝናቡን በሦስት ከፍሎ ነው የሚናገረው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለየአንዳንዱ የመሆን ዕድል ይሰጣል፤ ለምሳሌ 45፣ 35 እና 20 በመቶ። ይህ የሚናገረው ስለ ወቅቱ ሙሉ የዝናብ ድምር ነው። በመደበኛ ክረምትም ቢሆን አንድ የተረገመ ከሰዓት በኋላ ሰፈር ይጠርጋል። የወቅቱን ትንበያ ለበጀትና ለቦይ ጠረጋ፣ የ10 ቀኑን ለዝግጅት፣ የዕለቱን ደግሞ ሰው ለማውጣት ተጠቀሙበት።

«ሴቶች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች»

ይህችን ሐረግ በየዕቅዱ ሳያት ደሜ ይፈላል። አራቱን በአንድ ትንፋሽ ጠርቶ ማለፍ ማንንም ሳያስቡ እንዳሰቡ መምሰያ ሆኗል። እስቲ ዕቅዱን የጻፈውን ሰው ጠይቁት፦ በዚህ መንገድ ላይ መስማት የተሳነው ሰው የትኛው ቤት ነው? ሞንታርቦ የጫነው ባጃጅ ሲያልፍ ማን በር ያንኳኳለታል? ሌሊት ከሆነስ አንኳኩቶ ምን ይሠራል? መልሱ ዝምታ ነው።

የቀበሌ መዝገብ የሚያውቀው የቤቱን ባለቤት ነው። አከራዩ ከፊት ለፊት፣ ከፍ ባለው መሬት ላይ ነው የሚኖረው። ተከራዮቹ ከጓሮ፣ ቦዩን ተደግፈው በተሠሩት ሰርቪስ ክፍሎች ናቸው፤ የቀን ሠራተኛ፣ ከሌላ ቦታ ተፈናቅላ የመጣች እናት፣ ጠላ ሻጭ። ጎርፉ መጀመሪያ የሚገባው እነሱ ዘንድ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ግን የሉም። ርዳታ ሲታደልም አከራዩ ይጠራል።

መዝገቡ ላይ የሌሉ ሌሎችም አሉ። አንድ በጎ ፈቃደኛ ቤት ለቤት ሲመዘግብ አንዲት እናት ዘንድ ደረሰ።

«እማማ፣ ከእርስዎ ጋር የሚኖር ሌላ ሰው አለ?»

«ብቻዬን ነኝ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ።»

መዝግቦ ወጣ። ከመጋረጃው ኋላ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ከአልጋ የማይወርድ ልጃቸው ተኝቶ ነበር። ያወቅነው ከጎረቤት ቤት፣ ሁለተኛው ቡና ላይ ነው። ሰው እንዳያይባቸው ነበር የደበቁት፤ በኋላ ሲጠየቁም «ብናገርስ፣ በማን ጫንቃ ነው የሚወጣው?» አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ሞከርነው። ሁለት ጎረምሶች፣ የእድሩ ቃሬዛ፣ ፍራሹ፣ መድኃኒቱ፣ የእናትየው ነጠላና የቤቱ ቁልፍ። ከአልጋው እስከ ትምህርት ቤቱ ግቢ ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጀ፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ በደረቅ መንገድ። በዝናብና በጨለማ እጥፍ አድርጉት።

እንግዲህ የዚያ መንገድ ማስጠንቀቂያ መነሻው ያ አንድ ሰዓት ነው። ቦዩ ሲሞላ ጥሪ የምታሰሙ ከሆነ ጤነኛው ሮጦ ያመልጣል፣ እሳቸውና ልጃቸው ግን ይቀራሉ። ለእነዚህ ቤቶች ጥሪው ቀደም ይበል፤ ላይኛው ሸንተረር ላይ ዝናቡ ሲጠነክር፣ ውሃ ገና ሳይታይ። ሁለቱ ጎረምሶች እነማን እንደሆኑም ከክረምት በፊት በስም ይታወቅ፤ አንዱ ለሥራ ከከተማ ቢወጣ የሚተካውም ጭምር። «ኅብረተሰቡ ይረዳቸዋል» የሚባል ዕቅድ ማንም አይረዳቸውም ማለት ነው።

ዓይነ ስውር ሰው መንገዱን በልቡ ያውቀዋል፤ ጎርፍ ግን መንገዱን ይለውጠዋል፣ ክዳኑ የተነሣ የቦይ አፍም በበትር አይለይም። አጃቢ ያስፈልጋል። ተሽከርካሪ ወንበርንና ክራንችን ደግሞ «ዕቃ ተዉ፣ ነፍሳችሁን አድኑ» በሚለው ትእዛዝ ውስጥ አትጨምሩ። ያለዚያ ወንበር ሰውዬው ለሚቀጥሉት ወራት እስረኛ ነው።

ጥሩምባው

የእድር ጥሩምባን ለጎርፍ መጠቀም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ መብራት አይፈልግ፣ ኔትዎርክ አይፈልግ። ሳይነጋገሩ መጠቀም ግን ጉድ ያመጣል። በአንድ ሰፈር ሌሊት ተነፋ፤ ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ «ማን አረፈ?» እያለ ወጣና እንደ ልማዱ ወደ እድሩ ዳኛ ቤት ተመመ። የዳኛው ቤት ያለው ቦረቦሩ ጠርዝ ላይ ነው! ውሃው በዚያ ሌሊት ሰፈሩ ድረስ ባለመዝለቁ ተረፉ። የአነፋፉን ልዩነት የወር መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ አስተምሩ፣ እዚያው ንፉና አሰሙ። ቤተ ክርስቲያኑንና መስጊዱንም አስቀድማችሁ አነጋግሩ። መልእክቱ በአማርኛም በኦሮምኛም ይሁን፣ ይህን ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

«ቴሌግራም ላይ ለጥፈናል» የሚል ሪፖርት ደግሞ አታምጡልኝ። በብዙ ቤት ስማርት ስልኩ አባወራው ኪስ ውስጥ ነው፤ አባወራው ሥራ ላይ ነው፤ ቤት ያለችው እናት ናት።

ገንዘቡ ከጎርፉ በኋላ ሲደርስ

የቅድመ እርምጃ ድጋፍ፣ ማለትም ትንበያ ሲወጣ ለነዋሪው የሚሰጥ ገንዘብ፣ ጥቅሙ ውሃው ሳይመጣ መድረሱ ነው። በዚያ ገንዘብ ሰው ዱቄቱንና የቤት ካርታውን ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጣል፣ ከብቱን ያጓጉዛል፣ ባጃጅ ይከራያል። የተቀባይ ዝርዝር ማጣራት የሚጀመረው ትንበያው ከወጣ በኋላ ከሆነ ገንዘቡ ለፍራሽ መግዣ ነው የሚሆነው። ዝርዝሩ ግንቦት ላይ ይለቅ። በቴሌብር ስትልኩ ቁጥሩ የማን እንደሆነ እዩ፤ ስልክ የሌላቸው አረጋውያን በማን በኩል እንደሚቀበሉ ራሳቸው ይምረጡ፣ እናንተ አትምረጡላቸው።

ጎርፉ ሲቀር መጥፋት

አንዳንዴ ታስጠነቅቃላችሁ፣ ሰዉ ወጥቶ ያድራል፣ ጠብታ አይወርድም። በማግስቱ ልጆቻችን አፍረው ከሰፈሩ ይጠፋሉ። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፣ ቀጣዩን ጥሪ የሚሰማ አይገኝምና። ገና ሲጀመር «ከአሥር ጊዜ አራት አምስቱ ላይመጣ ይችላል፣ እያወቅን ነው የምናስወጣችሁ» በሉ። ጠዋት ደግሞ ሄዳችሁ ምን እንደታየ፣ ለምን እንደተወሰነ ንገሯቸው። የቀን ገቢዋን ያጣች ጉሊት ቸርቻሪ ካለችም ኪሳራዋ ቀድሞ በበጀት የተያዘ ይሁን።

ላይኛው ሰፈር ሰው አለመኖሩ

ጣቢያ እስኪተከል አትጠብቁ። የ2 ሊትር ሃይላንድ አንገቱ ሥር ቁረጡ፣ የተቆረጠውን አፍ ገልብጣችሁ፣ ጠባቡን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ክተቱበት። ታችኛው ወጣ ገባ ክፍል ጠጠርና ውሃ ይሞላ፤ ጎኑ ቀጥ ከሚልበት ጀምሮ ዜሮ ብላችሁ በሚሊ ሜትር አስምሩበት። ዛፍና ጣሪያ ከማይጋርደው ቦታ፣ ሸንተረሩ አጠገብ ለሚኖር ሰው ስጡ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 30 ሚሊ ሜትር በ100 ሄክታር ተዳፋት ላይ ቢወርድ 30,000 ሜትር ኩብ ነው፤ ግማሹ እንኳ አፈር ውስጥ ቢሰርግ የቀረው ወደ ታች ነው የሚመጣው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የትኛው መስመር ሲነካ ስልክ እንደሚደወል ከሰፈሩ ሰው ጋር ወስኑ፤ ያለፉትን ክረምቶች ጎርፍ የሚያስታውሱ አዛውንቶች ከእናንተ የተሻለ ግምት አላቸው። ለደዋዩ ካርድ ሙሉለት፤ ቀላል ነገር ነው፣ ብዙዎች ግን ይረሱታል።

የቀሩት

ቦይ ጠርጎ ቆሻሻውን ቦዩ አፍ ላይ ከምሮ መሄድ። የመጀመሪያው ዝናብ ፌስታሉንም ሃይላንዱንም መልሶ ይከተዋል።

መጠለያ ተብሎ የተመረጠ ግቢ ቁልፉ አንድ ሰው እጅ ብቻ መሆን። ሰውዬው ለቅሶ ሄዶ ሰዉ በር ላይ ቆሞ በዝናብ ሲደበደብ አይተናል፤ ሦስት ቁልፍ አስቀርጹ።

ሽንት ቤቱ ደረጃ ያለው፣ መብራትና መቀርቀሪያ የሌለው መጠለያ። ሴቶቹ አይተው መመለስን ይመርጣሉ፣ አልፈርድባቸውም።

ባጃጅ ሹፌሮችን «ጎርፍ ካያችሁ ቶሎ አቋርጡ» ማለት። የሚጋልብ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ሲሆን አዋቂ ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ትንንሽ መኪና ያነሣል። ባጃጅ ከዚያም የቀለለች ናት። አቁሙና ሰው አስወርዱ፣ ዞራችሁም ሂዱ።