ሳይት ላይ ፌሮ፣ ሲሚንቶና ብሎኬት እንዳይባክን እንዴት ይሰራል

የኮንስትራክሽን ቆሻሻ ሲባል ሁሉም ሰው ሲኖትራክ ጭኖ የሚያወጣው ፍራሽ ነው የሚታየው፣ ብክነቱ ግን ከዛ በፊት ፌሮ ሊቆረጥ ሲል ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ ከዛው እንነሳ።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ፌሮ በቤርጋ ነው የሚገዛው፣ አንዱ ቤርጋ 12 ሜትር ነው። እንበልና ለኮለን (ለምሰሶው) 3.50 ሜትር የሆነ ባለ 16 ፌሮ፣ ማለትም ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ይፈለጋል፣ ፌራዮው (ፌሮ የሚሰራው ባለሙያ) ዝም ብሎ ከቆረጠ ከአንዱ ቤርጋ 3 ያወጣና 1.50 ሜትር ይጥላል። በ30 ቤርጋ 45 ሜትር ሆነ፣ ባለ 16 በሜትር 1.58 ኪሎ ስለሚመዝን 71 ኪሎ ብረት ሜዳ ቀረ ማለት ነው። ቢሙ (አግዳሚው) ደግሞ የ5 ሜትር ባለ 16 ይፈልግ ከነበረ ሁለት 3.50 እና አንድ 5 ብትቆርጡ ልክ 12 ይሞላል፣ ቁራጭ የሚባል ነገር የለም! እንዲህ እንዲሆን የፎቁን የፌሮ ርዝመቶች በሙሉ በየውፍረቱ ዘርዝሩና ረጅሙን አስቀድማችሁ አጣምሩ፣ ዝርዝሩን መቁረጫው ጋ ለጥፉት፣ ፎርማኑ ስልክ ውስጥ ከሆነ ማንም አያየውም። ፌሮ ከፌሮ የሚደራረብበትን ርዝመት ግን ለቁጠባ ብላችሁ እንዳታሳጥሩ፣ እሱ የኢንጂነሩ ነው።

ቀጥሎ ብሎኬት። መሃል ከተማ መኪናው ብዙ ጊዜ ማታ ነው የሚደርሰው፣ ካዛንቺስ አንድ ሳይት ላይ በስልክ ባትሪ ሲራገፍ አይቻለሁ፣ ወርዋሪው ይወረውራል ተቀባዩ አያይም፣ ጠዋት ስንመጣ መሬቱ ስብርባሪ ብቻ። ደህና መብራት አድርጉ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይውረድ፣ የሚደረደረውም ግንቡ ከሚሰራበት አጠገብ ይሁን፣ አንዴ ካወረዳችሁት እንደገና ባታነሱት ይሻላል። ለሁለት የተሰበረውን አትጣሉ፣ በየሁለተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ግማሽ ይፈለጋል፣ ከሌለ ግንበኛው ደህናውን በመዶሻ ይመታና አንዱን ግማሽ ለማግኘት ሌላውን ያደቀዋል።

ሲሚንቶ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጉት፣ ከ10 ከረጢት በላይ አትደርድሩ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ክረምት ላይ ሸራ ካላለበሳችሁት ይጋግራል፣ የጋገረውን ፈጭቶ አርማታ ውስጥ መክተት ደግሞ ቁጠባ አይደለም፣ አደጋ ነው።

ልስን ላይ አንድ ቀላል ነገር አለ፣ ግድግዳው ስር ጣውላ ወይ ላስቲክ አንጥፉ። የሚወድቀው ሞርታር ሳይደርቅና አፈር ሳይነካው ተነስቶ እንደገና ይመታል፣ መሬት ላይ ከወደቀ ግን ማታ በአካፋ ተፍቆ የሚጣል ነው። ደግሞ ሰራተኛው በ1 ሰዓት ውስጥ ከሚጨርሰው በላይ አታስቦኩ፣ ከምሳ በፊት የተቦካውን ከምሳ በኋላ ውሃ እየጨመሩ ማለሳለስ የተለመደ ነው ግን ጥንካሬውን ይገድለዋል።

አሮጌ ቤት አፍርሳችሁ የምትሰሩ ከሆነ ኤክስካቫተሩ ከመግባቱ በፊት ቆርቆሮውን፣ በርና መስኮቱን፣ ጣውላውን በሰው እጅ አስነቅሉ፣ የመሰረቱ ድንጋይም ደህና ከሆነ ለአዲሱ አጥር ይሆናል። ማሽኑ አንዴ ከደባለቀው ማንም አይለየውም።

የተረፈውን ሶስት ቦታ ክፈሉት፣ ብረት፣ እንጨት፣ ፍራሽ። ቦታ ጠባብ ነው አትበሉ፣ ሶስት ጥግ ይበቃል። ንጹህ የብሎኬትና የድንጋይ ፍራሽ ኢንጂነሩ ከፈቀደ ወለል ስር ሙሌት ይሆናል፣ ወንዝ ዳር መድፋት ግን አይሆንም፣ ክረምት ሲመጣ የቀበና ወንዝ ውሃ መውጫ ያጣል። የማይጠቅመውን ብረት ለቆራሌው ስጡ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ ምድጃም ማንጠልጠያም ይሆናል፣ ብቻ ሲመዘን ቆማችሁ ሚዛኑን ራሳችሁ አንብቡ።