ሳውንድ ካርድ ሲሰካ ስታክ የሚያደርግ ኮምፒውተር፦ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ሬስታርት አድርጋችኋል፣ ፖርት ቀይራችኋል፣ ቫይረስም ፈትሻችኋል ብዬ ነው የምነሳው።

ሳውንድ ካርድ (ድምፅ የሚያስገባና የሚያወጣ የውጭ ዕቃ)፣ ሚዲ ኮንትሮለር (ለሙዚቃ ፕሮግራሙ የኖታ ትእዛዝ የሚልክ) ወይም የሙዚቃ ኪቦርድ በዩኤስቢ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል። ማውስ አይንቀሳቀስም። ስፒከሩ የመጨረሻዋን ድምፅ ይዞ "ድርርር" እያለ ይቀራል። ያኔ ባለቤቱ ሮጦ ጥገና ቤት ይሄዳል። ጥገና ቤቱ ደግሞ ለበሽታው ሁሉ አንድ መድኃኒት ነው ያለው፤ ፎርማት። ፕለጊኑ (በሙዚቃ ፕሮግራሙ ላይ የሚጨመረው) ይጠፋል፣ የድምፅ ላይብረሪው እንደገና ሲጫን ይከርማል። ከዚያ ካርዱ ሲሰካ ያው ነው። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውሱ ውስጥ አልነበረማ! ገመዱና ኃይሉ ላይ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የሚደርቀው መቼ ነው?

ሲሰካ ደህና ነው፣ ሥራ ሲጀመር ይደርቃል

በጣም የማየው ይህንን ነው። ምክንያቱ የኃይል ማነስ ነው።

የዩኤስቢ 2 ፖርት በ5 ቮልት የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው። ዩኤስቢ 3 ከሆነ 900። የራሱ አዳፕተር የሌለው ሳውንድ ካርድ የሚኖረው በዚችው ነው። በዚህ ላይ ኮንደንሰር ማይክ (ከካርዱ 48 ቮልት የሚፈልግ ማይክ) ተሰክቶ 48 የሚለው ቁልፍ ሲጫን፣ ካርዱ ያችን 5 ቮልት ወደ 48 ማሳደግ አለበት። ፍጆታው ወዲያው ይጨምራል። የሚመጣው ኃይል ካልበቃ ካርዱ ለቅጽበት ጠፍቶ ይመለሳል። እኛ ላናየው እንችላለን። ዊንዶውስ ግን ተነቅሎ እንደገና እንደተሰካ ነው የሚቆጥረው። በዚያች ቅጽበት የቀረጻ ፕሮግራሙ በአሲዮ (ከካርዱ ጋር ሳይዘገይ በሚገናኝበት ድራይቨር) በኩል ካርዱን ይዞታል። ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ድራይቨር መልስ ይጠብቃል፣ መልስ የሚሰጥ የለም። ድራይቨር የሚሠራው ደግሞ ሲስተሙ ልብ ውስጥ ስለሆነ ሲቆም ብቻውን አይቆምም፣ ሁሉንም ይዞ ነው።

የሀብ፣ ማለትም አንዱን ፖርት የሚያበዛው ዕቃ፣ ነገር የባሰ ነው። የራሱ አዳፕተር የሌለው ሀብ ከአንድ ፖርት የመጣችውን ኃይል ነው ለአራት የሚያካፍለው። የግቢ ቧንቧ ማለት ነው፤ ጎረቤት ሲከፍት የእናንተ ይቀጥናል። አንዳንዱ ሀብ ጎኑ ላይ የአዳፕተር ቀዳዳ አለው። አዳፕተሩ የታለ ሲባል "አብሮት አልመጣም" ይላሉ። ታዲያ ቀዳዳው ለጌጥ ነው?

አንድ የመዝሙር ስቱዲዮ ነበር። ኪቦርዱ ሲቀረጽ ምንም የለም፤ ዘማሪዋ ድምፅ ልትቀርጽ ስትገባ ኮምፒውተሩ ይደርቃል። ድራይቨር ተቀየረ፣ ፎርማት ተደረገ፣ ራም ተጨመረ። ዘማሪዋ ስትገባ ብቻ የሚሆነው ምንድን ነው? 48 ቁልፉ የሚጫነው ያኔ ነው። ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛው ሥር ሳይ አንዲት ሀብ በፕላስተር ተለጥፋለች። ካርዱ እሷ ላይ፣ ሚዲ ኪቦርዱ እሷ ላይ፣ ማውሱ እሷ ላይ። ቀሪዋ ፖርት ላይ የኢንጂነሩ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል! ስልኩ ተነቀለ፣ ካርዱ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ተሰካ፣ ቀረጻው ቀጠለ። የተገዛው ራም ለምን እንደተገዛ እስከ ዛሬ የሚያስረዳ አልተገኘም።

እንዴት ታውቃላችሁ? በጆሮ። ዊንዶውስ ዕቃ ሲነቀል ወደ ታች የምትወርድ፣ ሲሰካ ወደ ላይ የምትወጣ አጭር ድምፅ አለው። ስቱዲዮ ውስጥ ይህን ድምፅ ሁሉም ሰው ያጠፋዋል፤ ትክክልም ነው። ለምርመራው ግን መልሱት፤ እንዲሰማም በሳውንድ ካርዱ ሳይሆን በላፕቶፑ ስፒከር እንዲወጣ አድርጉ። ከመድረቁ በፊት የምትወርደዋን ከሰማችሁ ዕቃው ተቋርጧል ማለት ነው፤ ቅድሚያ ለገመዱና ለኃይሉ ስጡ። ገመዱን ጣታችሁ ላይ ይዛችሁ ሶኬቱ አጠገብ ቀስ ብላችሁ ወዘወዝ አድርጉት። በዚያ ብቻ ድምፁ ከመጣ ገመዱን ጣሉት። መጣል ማለት ለሌላ ሰው መስጠት አይደለም።

ስለ ገመድ ካነሳን፣ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው የፕሪንተር ገመድ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አንዱን ቆርጬ ከፍቼዋለሁ፤ የኃይል ሽቦው ፀጉር ያህላል፣ ዙሪያውን መሸፈን ያለበት ፎይል ጭራሽ የለም። ስትገዙ ቆዳው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 28 እና 24 የሚል ጥንድ ቁጥር ካለ፣ ሁለተኛው የኃይል ሽቦው ውፍረት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። 28 እና 28 የሚለውን እዚያው ተዉት። ምንም ያልተጻፈበትንም ተዉት። ርዝመቱ ደግሞ ለዩኤስቢ 2 ከ5 ሜትር አይለፍ። አንድ የሰርግ ኪቦርድ ተጫዋች ከመድረክ እስከ ሚክሰሩ ድረስ ማራዘሚያ በማራዘሚያ ቀጥሎ ነበር። ሙሽሮቹ ሲገቡ ላፕቶፑ ደረቀ፤ ከበሮው ብቻውን ቀረ። ራቅ ማለት ካስፈለገ ላፕቶፑን አቅርቡ፣ ድምፁን በድምፅ ገመድ ውሰዱ።

መፍትሄው እንግዲህ ይህ ነው። ካርዱን በቀጥታ ማሽኑ ላይ ስኩ። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ ስኩ፤ የፊቶቹ ፖርቶች ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙት በቀጭን ሽቦ ነው። ሀብ የግድ ከሆነ አዳፕተር ያለው ይሁን። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ሩት ሀብ የሚሉትን አንድ በአንድ እየከፈታችሁ፣ ፓወር ማኔጅመንት ሥር ኃይል ለመቆጠብ እንዲያጠፋው የምትፈቅደዋን ምልክት አንሱ። ፓወር ኦፕሽን ውስጥ ያለውን ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ (ሥራ የፈታ የዩኤስቢ ዕቃን የሚያስተኛውን) ዝጉት፤ ለባትሪም ለቻርጀርም።

ሦስት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፕሮግራሙ ክፍት እያለ ካርዱን አትንቀሉ። የ5 ቮልት ሀብ ላይ የራውተር 12 ቮልት አዳፕተር አትሰኩ፤ ጫፉ ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም፣ ሀቡንም ፖርቱንም አብሮ ያቃጥላል። መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ሰፈር ደግሞ አዳፕተር ያለው ሀብ ራሱ ችግር ነው። ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ሀቡ ግን ይጠፋል፤ ካርዱ ከፕሮግራሙ እጅ ይወጣል፣ ያው ስታክ። ሀቡን መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ ዩፒኤስ ላይ ስኩት።

ገና ሲሰካ ይደርቃል፣ ወይም ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል

ይህኛው ድራይቨር ነው። በአብዛኛው ሁለት ሦስት ድራይቨር ተደራርቦ ነው የማገኘው፤ ለዊንዶውስ 7 የተሠራው ከሲዲ፣ አዲሱ ከኢንተርኔት፣ በዚያ ላይ "ድራይቨር በአንዴ እጭናለሁ" የሚል ፕሮግራም ያመጣው ሌላ። ያንን ፕሮግራም ምንም ቢሆን አትጠቀሙ። ለስቱዲዮ ማሽን መርዝ ነው።

ካርዱን ንቀሉ። የጫናችሁትን ድራይቨር ሁሉ አራግፉ። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የተደበቁትን አሳይ ብላችሁ ፈዘዝ ብለው የሚታዩትን የካርዱን ስሞች አጥፉ። ሬስታርት። ከዚያ ከአምራቹ ድረ ገጽ ያወረዳችሁትን ጫኑ፤ ካርዱን የምትሰኩት ጫኙ ስካ ሲላችሁ ነው፣ ቀድማችሁ አይደለም። ካርዱ የራሱ አሲዮ ካለው፣ ለሌላቸው የሚጫነው አሲዮ ፎር ኦል አያስፈልጋችሁም። ዊንዶውስ 11 ላይ ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለው ጥበቃ አሮጌ ድራይቨር አላስገባም ሲል እሱን ከመዝጋት አዲስ ድራይቨር ፈልጉ።

ሰማያዊው ስክሪን ላይ የፋይል ስም ከወጣ በስልክ ፎቶ አንሱት። ካለፋችሁ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሚኒደምፕ የሚለው ሥር ፋይሉ ይቀመጣል።

ኮምፒውተሩ ደህና ነው፣ ፕሮግራሙ ብቻ ይደርቃል

ሚዲው እየዞረ ነው። ከኪቦርዱ የወጣችው ኖታ ፕሮግራሙ ጋ ደርሳ ወደ ኪቦርዱ ትመለሳለች፤ ኪቦርዱም የመጣለትን መልሶ የሚልክ ከሆነ ማለቂያ የለውም። ምልክቱ አንድ ቁልፍ ስትነኩ ድምፁ ተደርቦ መወፈሩ፣ ቀጥሎ ኖታዎች መዋጣቸው፣ ከዚያ ፕሮግራሙ መድረቁ ነው። ኪቦርዱ ላይ ኤኮ ወይም ትሩ የሚለውን ዝጉ፣ ሎካል የሚለውን (ቁልፉ የኪቦርዱን የራሱን ድምፅ እንዲያወጣ የሚያደርገውን) ኦፍ አድርጉ። ሥራ ስትጨርሱ ሎካልን መልሱት፤ አለበለዚያ መድረክ ላይ ኪቦርዱ ድምፅ አልባ ይሆንባችኋል።

አልፎ አልፎ የሚገጥም

ኪቦርዱ እንደተሰካ ኮምፒውተሩ አልነሳም ካለ፣ የኪቦርዱን ሜሞሪ እንደ ዲስክ አይቶት ሊሆን ይችላል፤ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ዩኤስቢን ከመነሻ ተራው አውርዱት። ድምፁ የሚቆራረጥ እንጂ የማይደርቅ ከሆነ ዋይፋይ አጥፍታችሁ ሞክሩ፣ ሌተንሲሞን የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አስኪዱና የትኛው ድራይቨር እንደሚያዘገይ ይነግራችኋል። አንድ ፖርት ላይ ምንም ነገር ሲሰካ ላፕቶፑ እልም ብሎ ከጠፋ ውስጡ ያለው ምላስ ተጣሞ ይሆናል፤ እዚያ ፖርት ላይ ሁለተኛ ምንም አትሰኩ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ካለ ወደ ጥገና ስትሄዱ ላፕቶፑን ብቻ አንጠልጥላችሁ አትሂዱ። ካርዱን፣ ገመዱን፣ ሀቡን፣ አዳፕተሩን፣ ማይኩን፣ ቤት ውስጥ ስትሠሩ የሚሰካውን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ስልኩንም ከነቻርጀር ገመዱ።