በወሲብ ጤና ምክክር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ወሲብ ጤናው ሊያማክር የመጣ ሰው በሩን ከማንኳኳቱ በፊት ከራሱ ጋር ብዙ ተሟግቷል። አንድ ያልታሰበበት ቃል ያን ሁሉ ድፍረት ሊያፈርሰው ይችላል፤ ሰውየውም ዳግመኛ አይመለስም። ከዚህ በታች ያሉት በዚህ ሥራ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች ናቸው።

በማይገባ ቃል መጠየቅ

“ግንኙነት አለዎት?” ተብላ የተጠየቀች ባለትዳር ሴት “ኧረ የለኝም!” ብላ ልትቆጣ ትችላለች። አልዋሸችም። ለእርሷ “ግንኙነት” ማለት ከትዳር ውጭ የሚደረግ ነገር ነው፤ ከባለቤቷ ጋር ያለው ትዳር እንጂ ግንኙነት አይደለም። አማካሪው ግን በመዝገቡ ላይ “የለም” ብሎ ይጽፋል፤ መደረግ የነበረበት ምርመራም ይቀራል። “በትዳርም ይሁን ከትዳር ውጭ፣ አብረውት የሚተኙት ሰው አለ?” ቢላት ኖሮ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር። ከጥያቄው በፊት “ይህን የምጠይቀው ሁሉንም ሰው ነው” ማለትም ይረዳል፤ ተጠያቂው ተጠርጥሬያለሁ ብሎ አይሸማቀቅም።

ባህሉን ከአለባበሱ መገመት

ጨዋ የመሰለችውን ሴት ስለ ኮንዶም ሳያነጋግሩ መሸኘት፣ ዘመናዊ የመሰለውን ወጣት ደግሞ ሁሉን ያውቃል ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት እህትማማቾች እንኳ ስለ ገላቸው የሚያምኑት ይለያያል። ሐኪሞቹ መላኒ ቴርቫሎንና ጃን ሙሬይ-ጋርሲያ እ.ኤ.አ. በ1998 “ባህላዊ ትሕትና” የሚል ሐሳብ ያቀረቡት ለዚህ ነበር። የሌላውን ባህል አጥንቶ የሚጨርስ የለም፤ ባለሙያው ዕድሜ ልኩን ይጠይቃል፣ የራሱንም ግምት ይመረምራል።

ቤተሰብን አስተርጓሚ ማድረግ

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በእናቱና በአማካሪው መካከል ተቀምጧል። እናቱ ስለ ፈሳሿ፣ ስለ ሕመሟ ረዘም አድርጋ ትናገራለች። ልጁ መሬት መሬት እያየ “ሆዷን ያማታል” ይላል። ከዚህ በኋላ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ለሌላ በሽታ ነው። ምስጢር ለመጠበቅ ቃል የገባ፣ ከቤተሰቡ ያልሆነ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ በአካል ካልተገኘ በስልክም ይቻላል።

የደሙን ነገር አቅልሎ ማየት

ይህ በጣም ያሳስበኛል። በመርፌ የሚሰጠው የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መጀመሪያ ላይ የወር አበባ ደሙን ያዛባል፤ ሲቆይ ደግሞ በብዙ ሴቶች ላይ ጭራሹን ያቆመዋል። በሕክምና ዓይን ይህ “ቀላል የጎንዮሽ ጉዳት” ነው። ደም በሚፈሳት ጊዜ ከጸሎት ወይም ከአምልኮ ቦታ ለምትርቅ ሴት ግን ሁለት ሳምንት ጠብ ጠብ የሚል ደም ኑሮዋን ያናጋዋል። ደሙ ሲቆም ደግሞ “የት ሄደ? ውስጤ ተጠራቅሞ ይሆን?” የሚል ስጋት ይመጣል። መድኃኒቱ የማህፀኑን ውስጠኛ ሽፋን ስለሚያሳሳው የሚፈሰው ነገር ራሱ አለመፈጠሩን፣ የተጠራቀመም ደም እንደሌለ አስቀድሞ የሚነግራት ካላገኘች፣ በቀጠሮዋ ቀን አትመጣም። አማካሪዋ “እምቢተኛ ናት” ይላል፤ እርሷ ግን ፈርታ ነው።

“ባህላቸው ነው” ብሎ እውነቱን መሸሸግ

ባህልን ማክበር ዝም ማለት አይደለም። ልጃቸውን “ድንግልናዋ ይመርመርልን” ብለው ይዘው ለሚመጡ ወላጆች መልሱ ግልጽ ነው፦ በምርመራ ድንግልናን ማረጋገጥ አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አካላት ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ ምርመራ እንዲቀር ጠይቋል። የሴት ልጅ ግርዛትም አንዳች የጤና ጥቅም የለውም። ይህን ሲናገሩ ግን ወላጆቹን እንደ ጨካኝ መቁጠር አይገባም፤ አብዛኞቹ የሚያስቡት ስለ ልጃቸው ክብርና ነገ ነው፤ ንግግሩም ከዚያ ቢጀመር ይሰማል።

ጥንዶችን አንድ ላይ ብቻ ማነጋገር

ከባሏ አጠገብ ተቀምጣ “አልገደድም፣ አልፈራም” የምትል ሴት ብቻዋን ስትሆን ሌላ ልትናገር ትችላለች። ባልም እንዲሁ በሚስቱ ፊት የማይናገረው የብልት መቆም ችግር ይኖርበታል። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል፤ ይህም ከሁሉም ጋር የሚደረግ የተለመደ አሠራር መሆኑን ገና ሲገቡ፣ ሁለቱም እየሰሙ መንገር ነው።