ወገቤን ያዳነኝ የጄሪካን አነሳስ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከታች ማውጣት የዘወትር ሥራዬ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ጎንበስ ብዬ ላነሳ ስል ወገቤ ሰንጎ ያዘኝ። ጫማዬን ማሰር እንኳ አቃተኝ።

መጀመሪያ ያጠፋሁት መተኛቴ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አልጋ ላይ ዋልኩ፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ጤና ጣቢያ ያየችኝ ባለሙያ "እህቴ፣ ቀስ እያልሽ ተንቀሳቀሺ" አለችኝ። እግር ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ግን ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ እንደሚያስፈልግ አጥብቃ ነገረችኝ።

ከዚያ አነሳሴን ልብ ብዬ አየሁት። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ እኔ ደግሞ በአንድ እጄ፣ ከሰውነቴ አርቄ፣ ጉልበቴን ሳላጥፍ ነበር የማነሳው። ሸክም ከሰውነት በራቀ ቁጥር ወገብ ላይ የሚያርፈው ጫና ይበዛል። አሁን ሁለት ባለ 10 ሊትር ገዝቻለሁ፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ጠጋ ብዬ፣ እግሬን ከፈት አድርጌ፣ ቁጢጥ እላለሁ፤ ከዚያ በጭኔ ጉልበት እነሳለሁ። ስዞርም ወገቤን ሳልጠመዝዝ እግሬን ነው የማዞረው።

የልብስ ማጠቢያውን ሳፋም ከመሬት አንስቼ ከፍ ያለ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ አጎንብሳ ስታጥብ ይህን የነገራት ሰው አለመኖሩ ይቆጨኛል። ለእሷም አንድ አሠራሁላት።

ማታ ማታ ትንሽ እራመዳለሁ። ሕመሙ ከሁለት ወር በኋላ ለቀቀኝ፤ ትናንት ውሃ ሲመጣ አራት ጊዜ ተመላልሼ በርሜሉን ሞላሁ።